ድንኳኑ ሳይነሳ ጎርፉን ለኩት

ጎጃም ውስጥ ጮቄ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ታች ያለው ሰው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ይደርስበታል። ከዚያ የሚወርዱት ወንዞች፣ ሙጋም፣ ሱሃም፣ ጨሞጋም እንዲህ ናቸው፤ ደራሽ ውሃ መባሉም ለዚህ ነው። ጎርፉ ሰው ከወሰደ በኋላ ለቅሶው በወጉ ይሄዳል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሰልስቱ ይወጣል፣ አርባው ይታሰባል። ጎርፉ ለምን ሰው እንደወሰደ የሚያሳየው ማስረጃ ግን አርባ አይጠብቅም። ወሩ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ነውና በማግስቱ የሚዘንበው ዝናብ ግድግዳ ላይ ያለውን የጭቃ መስመር ያጥበዋል፤ ዶዘር መጥቶም ከመንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈውን የተደፈነ ቱቦ ይጠርጋል። ከሳምንት በኋላ የሚቀረው «የተፈጥሮ አደጋ ነው» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል።

ማስረጃ የመሰብሰቡን ሥራ ሐዘንተኛ ሊጠየቅ አይገባም። እድሩ ድንኳን ተካይና መቃብር ቆፋሪ እንደሚመድብ ሁሉ፣ ሜትርና ስልክ ይዘው የሚወጡ ሁለት ሰዎች ይመድብ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ውሃው ጎድሎ ይውጡ ግን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ዞን ላይ በመሬት ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ሰዎችን ሌላ ናዳ መጥቶ ቀብሯቸዋል።

ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ከዛፍ ግንድ ላይ አትውሰዱ። ጎርፍ ግንድ ሲመታ ሽቅብ ስለሚዘል ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። የሚታመነው ምልክት ውሃው ቤት ውስጥ ገብቶ ረግቶ ግድግዳ ላይ የተወው ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ነው። ምስማር ምቱበት፣ ከወለሉ እስከ ምስማሩ ለኩ፣ የሜትሩ ቁጥር እንዲነበብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። በወንዙ ግራና ቀኝ፣ ከላይም ከታችም ቢያንስ ሦስት ቦታ ይሁን።

ከዚያ ወደ መንገዱ ቱቦ ሂዱ። አፉን ለኩ፤ የደፈነው አሸዋም ይሁን የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም ፌስታል፣ ማንም ሳይነካው ፎቶ አንሱት። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ዲያሜትሩ 1 ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ውሃው በሰከንድ 3 ሜትር ቢሮጥ፣ በሰከንድ 2.4 ሜትር ኩብ ያህል ያሳልፋል። ከበላዩ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ተዳፋት ካለና በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ዘንቦ ግማሹ ቢወርድ፣ የሚመጣው በሰከንድ 7 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ቱቦው ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚችለው ሲሶውን ነው፤ የቀረው መንገዱን ዘሎ ቤት ይገባል። ይህን ቁጥር የያዘ ሰው ማን ነደፈው፣ ማን ተረከበው፣ ክረምት ሳይገባ መጥረግ የነበረበት ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ዳገቱ ሥር ለቤት መሥሪያ ቦታ የሸነሸነውንም እንዲሁ።

የዝናቡን መጠን ከሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ ጠይቁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቀን ዝናብ የሚለካው ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ፣ ማክሰኞ ማታ የዘነበው የሚገኘው በረቡዕ ጠዋቱ ንባብ ነው። የፊትና የኋላ ቀኖችን ጨምራችሁ ካልጠየቃችሁ «ዜሮ» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ።

ደብዳቤ ሁሉ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በእጃችሁ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት። ከአደጋው በፊት ስለዚያ ቱቦ የቀረበ አቤቱታ ወይም የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ካለ፣ ከፎቶው ሁሉ ይበልጣል፤ ያውቁ እንደነበር የሚያሳየው እሱ ነውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 89 አደጋ እንዳይደርስ መከላከልን የመንግሥት ግዴታ ያደርጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥትም ካሳ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። ጊዜው በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ 2 ዓመት ነው፤ ሁለተኛው ሙት ዓመት ሲደርስ በሩ ይዘጋል ማለት ነው። ባል፣ ሚስት፣ ወላጅና ልጅ በሟቹ ምክንያት ያጡትን መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። ለሞራል ጉዳት ግን ጣሪያው 1000 ብር ነው። ልጇን ውሃ ለወሰደባት እናት 1000 ብር! ይህ ቁጥር ከሕጉ መውጣት አለበት።

አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። ወንዙ ወደ አባይ በረሃ ይዞት ከሄደ ቤተሰቡ መቃብርም፣ የሞት ምስክር ወረቀትም የለውም፤ ካሳውም ውርሱም ይቆማል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት መቅረቡ አይቀርም፤ ለዚያ የሚጠቅመው ሲወሰድ ያዩት ሰዎች ቃል ነው። የት ቆመው እንዳዩ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ምን ለብሶ እንደነበር በዚያው ሳምንት ጽፈው ይፈርሙ። ጋቢውን ወይም አንድ እግር ጫማውን ያገኘ ሰው፣ ቢያሳዝነውም፣ አጥቦ ለእናቱ አይስጥ። መጀመሪያ ከነጭቃው፣ የተገኘበት ቦታ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ያንሳው፤ ከዚያ ፖሊስ ያስመዝግበው።