ለአሮጌዋ ጃዋ ጎማ ስመርጥ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው ጎማው ሲያልቅበት፣ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስደውን ጠጠር መንገድ እያሰቡ ጥርሱ ትልልቅ የሆነውን እንዲገዛ የሚመክሩት ብዙዎች ናቸው። እኔ ለቼኮዝሎቫኪያ ሥሪቷ ጃዋ 350 ጎማ ስመርጥ የማስበው ግን ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን፣ ጉም ሲጥልበት የሚያዳልጠውን አስፋልት ነው። ጠጠር ላይ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ ግን እንደ ጃዋዬ ያለ ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ነዳጅ ሲቀነስለት እንደ ባለ አራት ምቱ አጥብቆ ስለማይይዝ፣ የማቆሙ ሥራ በታምቡር ፍሬኖቹ፣ ይልቁንም በፊተኛው ጎማ ላይ ይወድቃል። ጥርሱ የተራራቀ ጎማ ደግሞ አስፋልቱን የሚነካው በጥቂት ጉብታዎቹ ብቻ ስለሆነ እርጥብ መታጠፊያ ላይ አላምነውም።

የእኔዋ 634 ሞዴል ስለሆነች ከፊት 3.25-18፣ ከኋላ 3.50-18 ትጠቀማለች፤ የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱን፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይነግራል። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው 100/90-18 (100ው ወርዱ በሚሊሜትር ነው) በወርድ ለኋላው ቢቀርብም ቁመቱ የወርዱ 90 በመቶ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ያጥራል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የማየው የተመረተበትን ጊዜ ነው። አንድ ነጋዴ «ጋሼ፣ አዲስ ነው፣ መሬት አልነካም» ብሎ ያሳየኝ ጎማ እውነትም መሬት አልነካም፤ ነገር ግን ላስቲክ መደርደሪያ ላይም ተቀምጦ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክም በብርዳችን ጥርሱ ሙሉ ቢሆን እንኳ አይጨብጥም። ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 3521 ቢል የ2021 35ኛ ሳምንት ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር የ2013 ነሐሴ ማብቂያ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ገዢ ያረጀውን ጎማ ገና ወደፊት የሚመረት ያስመስለዋል፤ ነጋዴው ራሱ ሲስቅ አይቻለሁ።

ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ንፋስ ማስቀነስ የሚወዱ አሉ። ከ1,500 ሜትር በላይ ዝቅ ሲባል የአካባቢው የአየር ግፊት ስለሚጨምር መለኪያው ወደ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ አሃድ) ያህል ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ የጎማውን ንፋስ ከፍ አድርጎ ልዩነቱን ከሞላ ጎደል ይመልሰዋል። ስለዚህ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለክቶ መሙላት ይበቃል።

በመጨረሻ የወሰድኩት ለፊት ቁመታዊ መስመር ያለው የአስፋልት ጎማ፣ ለኋላ ደግሞ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ ነው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ስለሆነ ሁለቱንም ከአዲስ ከመነዳሪ ጋር አስገጠምኩ፤ ጎሚስታውም ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት ወደ መሽከርከሪያው አቅጣጫ መዞሯን እንዲያይልኝ ቆሜ ጠበቅሁ።