ለጠባብ ጓሮ የዶሮ ዝርያ እንዴት መረጥኩ?

ዝርያ ለመምረጥ ስነሳ መጀመሪያ የያዝኩት ጥያቄ «የትኛዋ ብዙ ትጥላለች?» የሚል ነበር። ለጀማሪ ከዚህ የባሰ አሳሳች ጥያቄ የለም። ቦቫንስ ብራውን በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል መጣል ትችላለች፤ ግን ያ ቁጥር የዝርያዋ ብቻ ሳይሆን የመኖዋም፣ የመብራቷም፣ የክትባቷም ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። በወር ስንት ኪሎ መኖ ሳላቋርጥ መግዛት እችላለሁ? የምፈልገው እንቁላል ብቻ ነው ወይስ ለበዓል የሚታረድም? ሲያረጁ የምተካቸው ከገበያ ነው ወይስ እዚሁ አስታቅፌ?

የመኖው ስሌት ቀላል ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። 8 ዶሮ ማለት በወር 28 ኪሎ ገደማ ነው። የእንጀራ ፍርፋሪና የጎመን ቅጠል ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሆንም።

የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው የምትጥለው። ነገር ግን ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ትከላከላለች፣ ጭራ ለቅማ ትኖራለች። ሰፊ ግቢ ላለውና መኖ መግዛት ለማይፈልግ ሰው እስካሁን ከሷ የተሻለች አላየሁም። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፤ ወንዱ ቶሎ ለወጥ ይደርሳል። ሴቷ ግን ከባድ ናት፣ ያን ሰውነት ለመሸከም ብዙ ትበላለች፣ ያለልክ ከተቀለበች ደግሞ ትሰባና መጣሏን ትቀንሳለች። ፋዮሚ የግብጽ ዝርያ ናት፤ ቀላልና ጠንካራ ብትሆንም ስለምትበር አጥር አይገድባትም። ኮይኮክ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ገብስማ ዶሮ ናት፣ እኛ ጋ በስፋት የምትታወቀውም በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል ነው። ትልቁ ጥቅሟ ንጹህ ዝርያ መሆኗ ነው፤ እንቁላሏን ለሀበሻ ዶሮ ብታስታቅፉት የሚፈለፈለው ኮይኮኳን ይመስላል። ሳሶና ቦቫንስ ግን ዲቃላ ናቸው። ልጆቻቸው የተዘበራረቁ ይሆናሉ፣ ምርታቸውም ይወርዳል።

የኔ ቦታ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ጠባብ ጓሮ ነው። ጎረቤት ቅርብ ስለሆነ አውራ ዶሮ አይታሰብም፤ እንቁላል ለመጣል አውራ እንደማያስፈልግ ግን ብዙ ጀማሪ አያውቅም። የምፈልገው እንቁላል ነው፣ 28 ኪሎውንም እችላለሁ፣ ሲያረጁም የምተካቸው ከገበያ ነው። በዚህ ምክንያት 8 ቦቫንስ መረጥኩ። ከሦስቱ መልሶች አንዱ ቢለይ ኖሮ ምርጫዬም ይለይ ነበር።

የአንድ ቀን ጫጩት ለጀማሪ አልመክርም፤ ሙቀት መስጠት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የ45 ቀኗ ላባ አውጥታለች፣ ዋጋዋም ለመጣል ከደረሰች ቄብ ያነሰ ነው። ስገዛ አንድ በአንድ እጄ ላይ አንስቼ አየኋቸው። ዓይኗ የነቃ፣ እግሯ የሚያብረቀርቅ፣ አፍንጫዋ ደረቅ መሆን አለበት። ከጅራቷ ሥር ያለው ላባ በኩስ ከተለጣጠፈ ተዉአት። ሚዛንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ቦቫንስ በ6 ሳምንቷ 450 ግራም ገደማ ልትመዝን ይገባል። ከዚያ በጣም የወረደች ኋላም አታካክስም።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክንበት ነገር አለ። የቦቫንስ ብራውን ሴቷ ቡናማ፣ ወንዱ ነጭ ነው፤ ልዩነቱ ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ ይታያል። «ቦቫንስ ነው» ተብሎ በርካሽ የሚቀርብ ነጭ ጫጩት እንቁላል የማይጥል፣ ሥጋውም ቶሎ የማይሞላ ወንድ ነው።

ሻጩን የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠ ጠይቁና ጻፉ። የማሬክስ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ በሽታ) ክትባት በመጀመሪያው ቀን እዚያው መፈልፈያው ላይ የሚሰጥ ነው፣ በኋላ አይካስም። በ45 ቀን ዕድሜ የፈንግል ክትባት ቢያንስ ሁለቴ፣ የጉምቦሮም (የጫጩትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክም በሽታ) ማለቅ አለበት። ፈንግልን እኔ በየሦስት ወሩ በመጠጥ ውሃ እደግማለሁ። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል፤ ስለዚህ ውሃውን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሬ በሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት እጨምርበታለሁ። ዶሮዎቹን ለሁለት ሰዓት አስጠምቼ እሰጣቸዋለሁ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥም ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ጋር በአንድ ቀን መከተብ ያዋጣል።

ቤቱ 2 በ1.5 ሜትር ነው፣ ቀን ቀን የሚወጡበት የታጠረ ቦታ አለው። ግድግዳው ከታች 60 ሴንቲ ሜትር ድፍን፣ ከላይ ሽቦ ነው፤ ንፋሱ ዶሮዋን ሳይመታ ከኩሱ የሚነሳው አሞኒያ ጋዝ ይወጣል። የሽቦው ቀዳዳ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር እንዳይሰፋ፣ ሸለምጥማጥ ትንሽ ክፍተት ይበቃዋል። ቆጥ ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ፣ ለ4 ዶሮ አንድ ጨለም ያለ 30 በ30 የመጣያ ሳጥን።

ቦቫንስ ስህተትን አትሸከምም። በጣም የሚዘወተረው ስህተት የእንቁላል ጣይ መኖን ለማብቃቃት በፉርሽካ መቀላቀል ነው። ከረጢቱ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ነገር ግን ፕሮቲኑም ካልሲየሙም ይወርዳል። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ ሳጥን ውስጥ ይሰበራል፣ ዶሮዎቹ የተሰበረውን ይቀምሱና እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። ያንን ልማድ ማስተው እጅግ ከባድ ነው። ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ለታዳጊ ቄብ የእንቁላል ጣይ መኖ መስጠት ነው፤ የካልሲየሙ ብዛት ኩላሊቷን ይጎዳል። እስከ 8 ሳምንት የጫጩት፣ ከዚያ እስከ 18 ሳምንት የታዳጊ፣ ከዚያ የጣይ መኖ፤ ለውጡንም በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ። ሻጋታ የሸተተ በቆሎ ከሆነ ጭራሽ አትንኩት።

መብራቱንም ማስላት ያስፈልጋል። የእኛ አገር ቀን 12 ሰዓት ያህል ነው፤ ቦቫንስ ሙሉ ምርቷን ለመስጠት ከ15 እስከ 16 ሰዓት ትፈልጋለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት አንድ አምፖል አበራለሁ። ይህ የሚጀመረው ግን ከ18 ሳምንት በኋላ፣ ሰውነቷ ሲደርስ ነው። ቀድሞ ከበራ ሳትጠነክር መጣል ትጀምርና ማህፀኗ ይወጣል፤ ሌሎቹ ደም ሲያዩ ይነቁሯታል።

የሚገዙበት ወርም ከዝርያው እኩል ሊታሰብበት ይገባል፣ በተለይ ቤቱ የሚጾም ከሆነ። ኅዳር መጀመሪያ ላይ የገባች የ45 ቀን ጫጩት የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በአምፖል ሙቀት መደገፍ አለባት። በደንብ ከተያዘች ግን የካቲት ላይ ትንንሽ እንቁላል ትጀምራለች። እንቁላሉ አድጎ፣ ምርቷም ጣሪያ ላይ የሚደርሰው ሚያዝያ ላይ፣ ፋሲካ አካባቢ ነው።