የአጎቴ ዲኤክስ 7 ድምፆች ተረፉ

ዛሬ ከሰዓት የአጎቴን ያማሃ ዲኤክስ 7 ይዤ ዋልኩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ገበያ ላይ የወጣ ኪቦርድ ነው። አጎቴ ሰርግ ላይ ሲጫወትበት ኖሯል። ዋሽንት የሚመስል፣ ማሲንቆ የሚመስል ድምፅ ራሱ ቀምሮ አስቀምጦበታል። እነዚያን ድምፆች ሌላ ቦታ አታገኟቸውም።

ስጋቴ ባትሪው ነበር። 32ቱን የውስጥ ድምፆች ይዛ የምታቆየው ቦርዱ ላይ የተበየደች የ3 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ከሞተች እነሱም የሉም። ፈንክሽን የሚለውን ገብታችሁ የ14 ቁጥርን ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትጫኑ ቮልቴጁን ያሳያችኋል። የኛው ወርዷል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ብየዳ። በሚዲ ገመድ፣ ማለትም የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር ጋር በሚያነጋግር ገመድ፣ ከላፕቶፕ ጋር አገናኘሁት። 8 ቁጥር ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን (ድምፆቹን በገመዱ ለመላክና ለመቀበል የሚያስችለውን) ከፈትኩና ወደ ላፕቶፑ ላክሁ። 32ቱም ድምፆች አንድ ላይ 4,104 ባይት ብቻ! ስልካችን የሚያነሳት አንዲት ፎቶ ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ትበልጣለች። የአጎቴ የስንት ሌሊት ድካም ግን እዚያች ፋይል ውስጥ ነው። ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ባትሪው ተቀየረ። ሲበራ የድምፆቹ ስም ቦታ ላይ ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ ነበር። ፋይሉን መልሼ ላክሁ፣ ሁሉም በየቦታቸው ገቡ። ይህ ኪቦርድ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሜሞሪ መከላከያው ካልጠፋ ማሽኑ ምንም አይቀበልም።

አጎቴ ቀጥታ ዋሽንቷን ፈልጎ አንቺሆዬ ጀመረ። ነገ ተረኛው ካርትሪጁ፣ ኪቦርዱ ላይ የሚሰካው የድምፅ ማስቀመጫ፣ ነው። እዚያም ሌላ 32 ድምፅ አለ።