አንድ ሚሊ ብዬ የተከራከርኩበት ሳሎን

የሳሎኔ ወንበሮች ያለ ቦታቸው ነው የተቀመጡት። ምክንያቱ ወለሉ ነው፤ የወለሉ ምክንያት ደግሞ እኔ።

ኮንዶሚኒየሙን ተረክቤ ማስጨረስ ስጀምር የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ያለ ችግር አለቀ፤ 30 በ60 ሴራሚክ፣ 2 ሚሊ ክፍተት፣ ክፍተቱን እኩል እንዲያደርግ በየማዕዘኑ የፕላስቲክ መስቀል፣ ከዚያ ክፍተቱን የሚሞላው ግራውት። ወጥ ቤቱም እንዲሁ።

ለሳሎኑ 60 በ60 ፖርሴሊን፣ ጠንካራውን ሴራሚክ፣ ገዛሁ። ስልኬ ላይ ያየሁት ፎቶ መስመር የሚባል ነገር የለውም፣ ወለሉ እንዳለ አንድ መስታወት ይመስላል። እኔም ያንን ፈለግኩ። ሠራተኛው ልጅ ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ገጥሞ ጠርዛቸውን በጣቱ ዳሰሰና «ጋሼ፣ 3 ሚሊ እንተውለት፤ እኩል አይደሉም» አለኝ። «1 ሚሊ ይበቃል። አንተ ብቻ አስተካክለህ አንጥፍ» አልኩት። ዝም አለ። ያቺ ዝምታው እስከ ዛሬ ታበሳጨኛለች።

የመጀመሪያው ቀን አራት ረድፍ አማረ። ማታ ስንቆጥር ካርቶኑ እንደማይበቃ ታወቀና ጠዋት ሄጄ ስድስት ጨመርኩ። ሻጩ «ያው ነው፣ ወንድሜ፣ ቀለሙን እየው» አለኝ። ቀለሙ እውነትም ያው ነበር። ካርቶኑ ጎን ላይ ከቀለሙ ቁጥር አጠገብ የመጠን ቁጥር እንዳለ፣ ካሊበር እንደሚሉትም ያኔ ማን ነገረኝ? ሴራሚክ ሲቃጠል ይኮማተራል፤ ሁሉም ግን እኩል አይኮማተርም፣ ስለዚህ ፋብሪካው ለክቶ በየመጠኑ ይለየዋል። አዲሶቹ ከፊተኞቹ እያንዳንዳቸው በ1 ሚሊ ይሰፉ ነበር።

1 ሚሊ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ሳሎኔ በወርዱ ዘጠኝ ሴራሚክ ይይዛል። ረድፉ ግድግዳው ጋ ሲደርስ 9 ሚሊ አለፈ ማለት ነው። ክፍተቱ 3 ሚሊ ቢሆን ልጁ ከየመስመሩ አንድ አንድ ሚሊ እየሰረቀ ማንም ሳያይ ይጨርሰው ነበር። እኔ የሚሰረቅ ነገር አላስተረፍኩለትም። አምስተኛው ረድፍ ላይ መስቀሎቹ አልገጥም ሲሉት ደወለልኝ። ቢሮ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ «ቀጥል» አልኩት። ማታ ስደርስ ሰባተኛውን ጨርሷል፣ መስመሩ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ሄዷል፣ ሲሚንቶውም ይዟል። «ላንሳው?» አለኝ። የሚሰበረውን ሴራሚክ ዋጋ አስቤ እምቢ አልኩ። ሁለተኛው ስህተቴ ይኸው ነው፣ ያውም የባሰው።

ግራውቱስ ቢሆን መች ገባ። ጭራሽ በጠበበች ስንጥቅ ላይ ላዩን ተቀባና በሁለት ወር ከመወልወያው ጋር ወጣ።

ጠርዙ በማሽን ለተስተካከለ ፖርሴሊን 1.5 ወይም 2 ሚሊ ይበቃል የሚሉ አሉ። ወለሉ ውሃ ልክ ከሆነ አልጣላም። የኔን ዓይነት ወለል ለተረከበ ግን መሬት ላይ ከ3 ሚሊ በታች አትስሙ፣ ካርቶኑ ላይ ቢጻፍም። ግድግዳ ላይ 2 ሚሊ መልካም ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ከተለያየ ካርቶን አሥር አውጥታችሁ ለኩ፤ የትልቁንና የትንሹን ልዩነት በሦስት አባዙት፣ ክፍተቱ ከዚያ አይነስ። አሜሪካኖቹ የሚሠሩበት ስሌት ይህ ነው፤ ልጁ ደግሞ በጣቱ ደርሶበታል። መስመር እንዳይታይ ከፈለጋችሁ ከሴራሚኩ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ግራውት ግዙ እንጂ ክፍተቱን አታጥብቡ። ከ3 ሚሊ ከሰፋ አሸዋ ያለበትን ጠይቁ፣ ነጭ ሲሚንቶ ብቻ ከሆነ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ሥርም ቢያንስ 6 ሚሊ ይተው፣ ዞኮሎው፣ ግድግዳው ሥር የሚለጠፈው ጠባብ ሴራሚክ፣ ይሸፍነዋል።

እናቴ ቤቱን ልትመርቅ መጥታ ገና ከበሩ ቆማ «ልጄ፣ ይሄ መስመር ጠጥቷል እንዴ?» አለች። በማግስቱ ምንጣፍ ገዛሁ። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ረድፍ ይሸፍናል። ሰባተኛው ላይ ሶፋውን ጎተትኩበት።