የከርከዴ ቀይ ሳሙና ውስጥ አይቆይም

ከርከዴ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። ደማቁ ቀይ ውሃ ላይ የኮስቲክ ሶዳ ውህድ ጠብ ሲደረግበት ዓይን እያየ ወደ አረንጓዴ ይዞራል፤ ሲያድር ደግሞ ቡኒ ይሆናል። የቀይ ሥር ጭማቂም መጨረሻው ቢጫና ቡኒ መካከል ያለ ነገር ነው። ሳሙና በቤቱ መሥራት የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚያስበው እነዚህን ሁለቱን ነውና ከአሁኑ ልናገር፤ ቀይ ፈልጋችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ ያዙ።

እኔ የምሠራው በቀዝቃዛው ዘዴ ነው፤ ዘይቱና የሶዳው ውህድ እሳት ላይ ሳይጣዱ ተደባልቀው ራሳቸው ሳሙና ይሆናሉ። 400 ግራም የወይራ፣ 300 ግራም የኮኮናትና 300 ግራም የፓልም ዘይት እመዝናለሁ። ለዚህ 143 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (ያው ኮስቲክ ሶዳው ነው) እና 290 ግራም ውሃ ይበቃል፤ ከዘይቱ 5 በመቶ ያህሉ ሳሙና ሳይሆን እንዲቀር ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ዘይት ከቀየራችሁ የሶዳውም መጠን ስለሚቀየር እንደገና አስሉት። ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳው አይገለበጥም። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ግድ ነው። የአሉሚኒየም ድስት ደግሞ አይታሰብ፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። ስቴንለስ ስቲል ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን።

ቀለምን የሚፈትነው ይኸው ሶዳ ነው። ገና የተደባለቀ ሳሙና ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፤ 7 መሀል ነው፣ ከዚያ በላይ አልካሊ) ከ12 በላይ ነው፤ ደርቆ ለመታጠቢያ ሲደርስ እንኳ ከ9 እስከ 10 አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ቀለም ጠርሙስ ውስጥ እያለ ማማሩ ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። አዲስ ቀለም ሳገኝ ከዋናው ውህድ በሲኒ ቀንሼ ጥቂት ጠብታ አደርግበትና አሳድረዋለሁ። በማግስቱ እቆርጠውና ግማሹን መስኮት ላይ፣ ግማሹን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ከሳምንታት በኋላ ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ብቻ ነው።

የምግብ ቀለምንም የፈተንኩት እንደዚሁ ነው። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል። ግን ቀዩ ይጠቁራል፣ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ያዘነብላል። ዋናው ጣጣው ግን ሌላ ነው፤ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ቀለም ይለቃል። ነጭና ሰማያዊ ደርባችሁ ብታፈሱ መስመሩ ለጥቂት ቀን ጥርት ብሎ ይታይና ከዚያ ሰማያዊው ቀስ እያለ ወደ ነጩ ይሰርጋል። ሳሙናው ሲደርስ ድንበሩ የት እንደነበር አይታወቅም። ቀልጦ በሚፈሰው ዝግጁ የግሊሰሪን ሳሙና ላይ ግን የምግብ ቀለም አልጠላም፤ እዚያ ሶዳው ቀድሞ ሥራውን ስለጨረሰ ቀለሙን አያበላሸውም። ያም ቢሆን አንድ ወጥ ቀለም ሲሆን ነው።

ድንበሩን ሳይለቅ የሚቆየው በዘይት የተበጠበጠ ማዕድን ነው። አይረን ኦክሳይድ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ይሰጣል፤ ለሰማያዊ አልትራማሪን፣ ለአረንጓዴ ክሮሚየም ኦክሳይድ አለ። ሶዳ አይበግራቸውም። የምገዛው ለመዋቢያ ተብሎ የተዘጋጀውን ብቻ ነው። ለግድግዳ የሚሸጠው ዱቄት እርሳስና ሌላ ከባድ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል ዋጋው ቢያጓጓም አልነካውም።

የማዕድኑን ቀለም በዘይት በጥብጬ ፈሳሽ የማደርገው እንዲህ ነው። ለ1 ማንኪያ ዱቄት 3 ማንኪያ የወይራ ዘይት እይዛለሁ፤ ዘይቱን ግን በአንዴ አልጨምርም። መጀመሪያ ዱቄቱን እስኪያረጥበው ድረስ ብቻ ጠብ አደርግና በማንኪያ ጀርባ ሲኒው ጎን ላይ አሸዋለሁ። ከማንኪያው ሥር አሸዋ አሸዋ የሚለው ነገር ሲጠፋ ነው የቀረውን ዘይት የምጨምረው። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ በጓንቴ ጣት እስበዋለሁ፤ መስመሩ ውስጥ ጠቆር ያለ ነጥብ ከታየ ወደ ማሸቱ እመለሳለሁ። ያቺ ነጥብ ሳሙናው ውስጥ ከገባች አንድ ቀን እየታጠባችሁ ትፈርጥና ፎጣችሁ ላይ ቀይ ጭረት ትተዋለች።

ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በዘይት የሚበጠበጥ። ስትገዙ ጠይቁ። የሚያስፈልገኝ ሰማያዊ ስሠራ ነው፤ ወይራው ራሱ ቢጫ ስለሆነ አልትራማሪን ብቻውን ሲገባ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ውህዱን አነጣዋለሁ።

ቀለሙ የሚገባው ውህዱ እንደ ቀጭን አጥሚት ሲሆን ነው። ለ1 ኪሎ ዘይት ከ1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ እጀምርና እያየሁ እጨምራለሁ። ልኩን የሚነግረኝ አረፋው ነው፤ ሳሙናው ምንም ያህል ቢደምቅ አረፋው ነጭ መሆን አለበት። ጎረቤቴ አንዴ ቀዩን አገላብጣ አይታ «ይሄ ነገር ነጠላዬን አያበላሽብኝም?» አለችኝ። እዚያው በረንዳው ላይ በነጭ ጨርቅ አሽታ እንድታየው ሰጠኋት። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ሁለት ይዛ ሄደች።

ከጓዳ ቀለሞች የማልተወው እርድ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ እርድ በ200 ግራም የወይራ ዘይት በጥብጬ፣ የሚፈላ ውሃ ያለበት ድስት ላይ በጎድጓዳ ሳህን አስቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል አሞቀውና በስስ ጨርቅ አጠለዋለሁ። ዘይቱ ከ400 ግራሙ ላይ የሚቀነስ ነው። ሶዳው ሲነካው እንደ ሸክላ ይቀላል፤ አትደንግጡ፣ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ብርቱካንማ ቢጫ ይመለሳል። ብርሃን ግን አይችልም፤ የመስኮቱ ግማሽ ከመሳቢያው ግማሽ በግልጽ ይገረጣል። የሽፈራው ቅጠል አረንጓዴም እንደዚያው ነው። በርበሬስ? ቀለሙን ለዘይት አሳምሮ ይሰጣል፣ ማቃጠሉንም አብሮ። የፊት ሳሙና ውስጥ ይቅርብን።

ሙቀትም ቀለም ይለውጣል። ሳሙና የተገለበጠበት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያለ በራሱ ይሞቃል፤ በደንብ ሲሞቅ ቀለሙ ይጠልቃል፣ ካልሞቀ ፈዛዛ ሆኖ ይቀራል። አዲስ አበባ ክረምት ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ መሀሉ ሞቆ ዳሩ ይቀዘቅዝና ቆርጣችሁ ስታዩት መሀሉ ላይ ጠቆር ያለ ክብ ይወጣል። እኔ ካርቶን ውስጥ አስገብቼ በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ እስከ ማግስቱ ደግሞ አልከፍተውም።

ቫኒላ ያለበት ሽቶ የምትጨምሩ ከሆነ ለቀለም አትድከሙ፤ የቫኒላውን ሽታ የሚሰጠው ቫኒሊን ሳሙናውን ቡኒ ያደርገዋል። ከዚያ የቡና መልኩን መውደድ ነው።

በዘይት የተበጠበጠው ፈሳሽ በተከደነ ጠርሙስ ለወራት ይቆየኛል። ማዕድኑ ግን ከሥር ስለሚዘቅጥ ሁሌም ከመቅዳቴ በፊት በእንጨት ከታች ወደ ላይ አማስለዋለሁ፤ መነቅነቅ ብቻውን አይበቃም።