ሌባ የናቀው ጨርቅ

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከተሰደድንበት ወደ ደሴ ስንመለስ የቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቀን። ብርድ ልብስ የለም። ፍራሽ የለም። ቴሌቪዥኑማ አይነሳ። የእናቴ የእንጨት ሣጥን ግን ቁልፉ ተሰብሮ ተገልብጧል። ውስጡ የነበረው ጨርቅ ወለሉን ሞልቶታል። አንድም አልጎደለም። በእግራቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው አይተው ትተውት ሄደዋል።

የደሴን የታኅሣሥ ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሐረጎን የሚወጣ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጃኬቱን ይፈልጋል። ማታ ከጦሳ የሚወርደው ነፋስ ደግሞ በመስኮት ስንጥቅ ይገባና ቀጥታ እግር ይፈልጋል። እኛ አራት ነን። ያለን ሁለት ጋቢ።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት የጀመርኩት እንዲህ ነው። ለጌጥ አልነበረም። እስከ አሁን አምስት ሠርቻለሁ። ሰው ፊት የሚቀርቡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለ ሦስቱ ግን ይበልጥ ባወራ ይሻላል፤ የተማርኩት ከነሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እናቴን እንዲህ አልኳት፦ «እማ፣ ይሄን ጨርቅ አገጣጥሜ ብርድ ልብስ ልስፋበት?»

«ድሪቶ?» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

ይሄ ቃል ለእሷ ቀላል አይደለም። በ77 የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ከየገጠሩ ወደ ከተማ የወረደውን ሰው በዓይኗ አይታለች። በኋላ ቡና ላይ ነው የነገረችኝ። «መጀመሪያ በሬውን ሸጠ። ቀጥሎ ጋቢውን ሸጠ። በመጨረሻ ድሪቶ ለብሶ መጣ።» እኔ ቁጠባ የምለው ነገር እሷ ዘንድ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሰፋሁት እሷ ገበያ ስትወጣ፣ ተደብቄ ነው ማለት ይቻላል።

ሣጥኑ ውስጥ ምን አልነበረም! ያልተነካ አቡጀዲ። የሠርጓ አንሶላዎች። የአባቴ ካኪ ሱሪዎች። ቀይ ከፋይ። ያረጁ ነጠላዎች፣ ጥለታቸው ግን ገና ያበራል። የኛ የተማሪነት ዩኒፎርም። ጫፉን ብል የበላው ባና። ሁሉም «ለደግ ቀን» የተቀመጠ ነው። ደግ ቀን ሳይመጣ 30 ዓመት ሆነው።

መጀመሪያ የቆረጥኩት አንሶላዎቹን ነበር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አዲስ ይመስላሉ። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ፣ አጠብኩ። ከውሃ ሳወጣው በእጥፋቱ መስመር እንደ ወረቀት ተተረተረ። ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ጨርቅ ለዓመታት በአንድ መስመር ታጥፎ ሲቀመጥ ክሩ እዚያ ቦታ ላይ ይሞታል። የሣጥኑን እንጨት የነካው ጎን ደግሞ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እንጨት ራሱ አሲድ ያወጣል፣ ጨርቅ ያቃጥላል። እናቴ ከሌባ ጠብቃዋለች። ከሣጥኑ ግን ማን ይጠብቀው?

አሁን ማንኛውንም አሮጌ ጨርቅ ሳልፈትን መቀስ አላነሳም። ሁለቱን አውራ ጣቶቼን አጠጋግቼ ጨርቁን ጫን ብዬ እስበዋለሁ። በቁመቱ አንዴ፣ በወርዱ አንዴ። ጤነኛ ጨርቅ ጧ ይላል። የሞተው ቀስ ብሎ ሽሽ ይላል። ከዚያ ወደ መስኮት ይዤ በብርሃን አየዋለሁ። የሳሳበት ቦታ ኮከብ ኮከብ ይሠራል። እሱን ዘልዬ ከጎኑ እቆርጣለሁ። ክሩንም እንዲሁ። ከሣጥኑ ባገኘሁት አሮጌ ክር እየሰፋሁ በየስንዝሩ ሲበጠስብኝ የስፌት መኪናዬን ስረግም ነበር። ምስኪን መኪና። ጥፋቱ የክሩ ነው። ክርም ያረጃል።

ሁለተኛው ላይ የጎዳኝ ቀለም ነው። ቀዩን ከፋይ ከነጭ አቡጀዲ ጋር እያፈራረቅሁ ሰፋሁት። ስጨርስ ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። ባጠብኩት ማግስት ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆነ። ጎረቤቶች «ጨው ጨምሪበት» አሉኝ። ጨመርኩ። ሮዝ የሆነ የጨው ውሃ አገኘሁ። አንዴ የሚለቅ ቀለም በጨው አይያዝም። አሁን ደማቅ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ካገኘሁ፣ ነጭ ብጣሽ አርሼ ላዩ ላይ አደርግና በትኩስ ካውያ እጫነዋለሁ። ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ ብቻውን ደጋግሞ ይታጠባል። አልበቃ ካለውም ይቀራል። ቀዩ ከፋይ ቀረ። ለጊዜው።

ባናውንም በዚያው ሰሞን አበላሸሁት። በሙቅ ውሃ አሸሁት። የበግ ጠጉር ሙቅ ውሃና ማሸት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ይኮማተራል። አንድ ክንድ የነበረው ስንዝር ተኩል ሆኖ ወጣ። ውፍረቱ ለኮርቻ ይበቃል። ዛሬ የበር ጫማ መጥረጊያ ነው። በነገራችን ላይ በጣም ጥሩ የጫማ መጥረጊያ ነው።

ሦስተኛውን ስጀምር ከሣጥን ጨርቅ ይልቅ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ፈለግሁ። ፒያሳ አካባቢ የስፌት መኪናው በር ላይ ያለ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ የሚጣለውን ልወስደው?» አልኩት። ሳቀብኝ። «ልጄ፣ የሚጣል ጨርቅ የታለ? ትራስ የሚሞሉ ይወስዱታል እኮ።» ተስማማን። ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳበሪያውን ዘርግፌ የሚሆነኝን እመርጣለሁ። የቀረውን መልሼ እሞላለሁ። ዋጋው ለእሱ ሁለት ቁልፍ መትከል ነው። ዓይኑ መርፌ ማስገባት አቁሟል።

እዚያ የተማርኩት ትልቁ ነገር ጨርቅን በዓይን ማመን እንደማይቻል ነው። ጥጥ የሚመስለው ፖሊስተር ነው። ሱፍ የሚመስለው ግማሽ ፖሊስተር ነው። አንድ ክር መዝዤ በትሪ ላይ በክብሪት እለኩሰዋለሁ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሠራል። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ቶሎም ይጠፋል። ለምን ይሄን ሁሉ እደክማለሁ? ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይኮማተራል፣ ፖሊስተር ንቅንቅ አይልም። ጎን ለጎን ከተሰፉ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ጥጥን ከጥጥ፣ ፖሊስተርን ከፖሊስተር ብዬ ለየሁ። ጥጡንም ሳልቆርጠው አጥቤ አሰጣዋለሁ።

መቁረጥ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ። ካርቶን ላይ 12 ሴንቲ ሜትር በ12 ካሬ ሠራሁ። ለስፌት በየጎኑ 1 ሴንቲ ይሄዳል፣ 10 ይቀራል። ሜትር ከሃያ አልጋ ከነ መውረጃው 160 በ200 ይፈልጋል። 16 በ20፣ በድምሩ 320 ካሬ። ሒሳቡ ግሩም ነው። ሃምሳኛው አካባቢ ካርቶኑ ጠፋብኝ። ሰነፍኩና የቆረጥኩትን ጨርቅ ለቀጣዩ መለኪያ አደረግሁት። እሱን ለቀጣዩ። እያንዳንዱ ጨርቁ ላይ በሳሙና ባሰመርኩት መስመር ውፍረት ያህል ይሰፋል። የመጨረሻዎቹ 13 ሴንቲ ሆነው አገኘኋቸው። ሲሰፋ ማዕዘን ከማዕዘን አልገጥም አለ፣ መሐሉ እንደ ድንኳን ተነፋ። ፈታሁት። ሁለት ሳምንት ፈታሁ። አሁን መለኪያዬ ከአሮጌ የፕላስቲክ ክዳን የተቆረጠ ነው፣ በምስማር ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ማንም እንዳይነካው።

መሐል ላይ የሚገባውን ነገር ግን ከመጀመሪያው ነው የታደልኩት። ሰዎች የተባዘተ ጥጥ ይመክራሉ። ጥጥ ግን ጠበቅ ተደርጎ ካልተሰፋ ሲታጠብ ይሰበሰብና ጥግ ላይ ጉብ ጉብ ይላል። እኔ ያረጀ ጋቢ አስገባሁ። ጋቢ እኮ ራሱ አራት ድርብ ነው። ተሸንቁሯል፣ ዳሩ ተበልቷል፣ ለሰው አይሰጥም። በሁለት ጨርቅ መሐል ሲገባ ግን ቀዳዳው ለማን ይታያል? ይሞቃል፣ አይሸሽም፣ መርፌም እሺ ብሎ ያሳልፋል።

ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ የምይዘው በመርፌ ቁልፍ ነው። ከመሐል ጀምሬ ወደ ዳር እሄዳለሁ። ከዳር ከጀመራችሁ ትርፉ ጨርቅ መሐል ላይ ተሰብስቦ ይቀራል፣ መውጫ የለውም። ከዚያ በእጅ፣ መርፌውን ወጣ ገባ እያደረግሁ፣ አራት ጣት እየለቀቅሁ በመስመር እሰፋለሁ። ይሄኛው ሥራ የቡና ሰዓት ሥራ ነው። አቦሉ ላይ አንድ መስመር፣ ቶናው ላይ አንድ። በረካ ላይ ወሬው ይደምቅና መርፌው ይቆማል።

ጎረቤቶች ያኔ ነው የገቡበት። አንዷ የነጠላ ጥለት አመጣች። አንዷ የልጇን የመውሊድ ቀሚስ ትራፊ። አንዷ ሻርፗን። ሻርፑ ሽፎን ነው፣ እንደ ዓሣ ያመልጣል። እምቢ እንዳልል ደግሞ ቡና ላይ የተሰጠኝ ነው። ከኋላው ያረጀ ነጠላ ለጥፌ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሬ ሰፋሁት። እሺ አለ። ከማሊያ የተቆረጠውንም ዛሬ እንደዚያ ነው የምገራው። የሻርፑ ባለቤት በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትፈልገው የራሷን ካሬ ነው። አግኝታው «ይቺት የኔ» ትልና ወደ ቡናዋ ትመለሳለች።

እናቴን ለማሳመን ሌላ መንገድም ሞክሬ ነበር። ጃፓኖች ጨርቅ ላይ ጨርቅ እየደረቡ የሚሰፉት የድሮ የድሃ ልብስ እንዳላቸው ነገርኳት። «ቦሮ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ከቡትቶነት የመጣ ነው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ተሰቅሎ ይታያል። ቤንጋሎችም ያረጀ ሳሪ ደራርበው በመርፌ ወጣ ገባ ሰፍተው «ካንታ» ይሉታል። አዳመጠችኝ። «ቤንጋሎቹስ ይሁን» አለች፤ «ጃፓን ምን ቸግሮት ነው?»

ዝም አልኩ። መልስ አልነበረኝም። በኋላ ሳስበው ግን ድሪቶና የኔ ሥራ የሚለያዩት በአንድ ነገር ነው። ድሪቶ የሚሰፋው ቀዳዳው በመጣበት ነው፤ ቦታውን የሚመርጠው ችግር ነው። እኔ ጨርቁን ወለል ላይ ዘርግቼ ቦታ እመርጣለሁ። ብሩህ ከጨለማ ጋር መፈራረቁን ለማየት በስልኬ በጥቁርና ነጭ ፎቶ አነሳዋለሁ። ቀለም ዓይን ያታልላል፤ ጥቁርና ነጩ ላይ ግን የተጨናነቀው ቦታ ወዲያው ይታያል። ይሄን ልዩነት ለእሷ በቃል ልነግራት አልቻልኩም።

አምስተኛውን የሠራሁት ለእሷ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ፈጀብኝ። እያንዳንዱን ካሬ ከመሐል ጀመርኩት፦ ትንሽ ቀይ፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ቅዳጅ፣ እንደገና ዙሪያውን። ጠባብ ትራፊ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሁለት ጣት የሆነ ጨርቅ እንኳ ቦታ ያገኛል። መሐሉ ቀይ የሆነው ምድጃ እንዲመስል ነው። ቀዩ ያ ከፋይ ነው። ስድስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ስድስተኛው ላይ ውሃው ጠራ።

ዘርግቼ አሳየኋት። ብዙ ቆየች። ጣቷን አንዱ ቀይ ላይ አሳርፋ «ይሄ የኔ ከፋይ ነው» አለች። «የእናቴ ስጦታ ነበር። ቀሚስ ላሰፋው እያልኩ...» አልጨረሰችውም። ካኪውን አየች፣ የአባቴ መሆኑን አልተናገረችም። ጥለቱን አየች። ድሪቶ አላለችም።

በማግስቱ ስፈልገው አልጋው ላይ የለም። ሣጥኑ አዲስ ቁልፍ ተገዝቶለታል።

«እማ! እንድትለብሺው እኮ ነው የሰፋሁት!»

«ለእንግዳ ነው» አለች።

ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። እኔ የምተኛው ከሮዙ ስር ነው። አንድ ነገር ብቻ አስማልኳት፦ ከእንጨቱ ጋር እንዳይገናኝ በአቡጀዲ እንድትጠቀልለው፣ በየሦስት ወሩ አውጥታ እጥፋቱን እንድትቀይረው። ባለፈው ሳምንት ሳታየኝ ስታወጣው አየኋት። ዘረጋችው። ከዚያ ጫፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ፣ በሁለት አውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠችው።