ማታ 3 ሰዓት መጥቼ ልየው

ደላላው ግራ ገባው። «እህቴ፣ ቤት በጨለማ አይታይም፤ ቀን ነይና ቀለሙን፣ ኮርኒሱን እይ» አለኝ። የምሠራው መሀል ባሕር ዳር ካለ ፋርማሲ ነው፤ የምንዘጋው ማታ 3 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት በእግሬ የማልገባበት ቤት ኮርኒሱ ቢያምር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

ከተማዋ ከመጣሁ ወዲህ ሦስተኛ ቤቴን መፈለጌ ነበር። የመጀመሪያው ዓባይ ማዶ ነው። ሰፊ ክፍል፣ የራሱ ቆጣሪ ያለው፣ ግቢው ጸጥ ያለ፣ ኪራዩም ከመሀሉ የቀለለ። ጠዋት ጠዋት በእግሬ መሻገር ደስ ይለኝ ነበር፤ በተለይ በግንቦት 2016 አዲሱ ድልድይ ከተመረቀ በኋላ። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለእግረኛ የተለየ መንገድ ስላለው ከመኪና ሳይጋፉ፣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ እያዩ መሻገር ነው። ማታ ግን ሌላ ነው። ባጃጅ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም «ኮንትራት ነው» ይላሉ። ወር ሲያልቅ ሳሰላው በኪራይ የተረፈኝ ሁሉ በባጃጅ አልቋል።

ሁለተኛውን በጥር ወር ተከራየሁ። ለሥራ ቅርብ ነው ብዬ ቸኮልኩ። ግድግዳው ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ እስኪል አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ አየሁት፣ ለጽዳት መሰለኝ። የገባኝ ሐምሌ ላይ ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለእግረኛ እንዲህ የተመቸችውም ሜዳ ስለሆነች ነው፤ ዳገት የለ፣ ቁልቁለት የለ፣ የዘንባባውን ጥላ ይዞ መሄድ ነው። ግን ያው ሜዳ በክረምት ለጎርፍ መውጫ አይሰጠውም። አንድ ሌሊት እግሬን ከአልጋ ባወርድ ውሃ ውስጥ ገባ። ጫማዎቼ በሩ ሥር ተሰብስበው ይንሳፈፋሉ። ሽሮዬን፣ በርበሬዬን፣ የትምህርት ማስረጃዬን አልጋው ላይ ቆልዬ እስኪነጋ በሳፋ ስቀዳ አደርኩ። ጠዋት ለአከራዩ ስነግራቸው «ዝናቡ ለሁሉም ነው የዘነበው» አሉኝ። ያ አዲስ ቀለም የሸፈነው የአምናውን ውሃ ምልክት ነበር። ስከራይ አንድ ቃል ቢነግሩኝ ኖሮ እላለሁ እስከዛሬ።

ውሃው ሲሸሽ ደግሞ ትንኙ መጣ። ክረምቱ ሲወጣ የወባ መድኃኒት ማዘዣ ይዞ የሚመጣው ሰው እንደሚበዛ በመስኮቴ በኩል አያለሁ፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ አዝላ የምትቆመውን እናት ፊት አውቀዋለሁ። ስለዚህ አሁን ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው ጣሪያውን ነው፦ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ አለው? ቀጥሎ የግድግዳውን ግርጌ። ከዚያ ጎረቤት አንኳኩቼ «ሐምሌ ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚሄደው?» እላለሁ። ጎረቤት ይህን ለመናገር አይሰስትም።

ሦስተኛውን ቤት በመስከረም ማታ፣ ከፋርማሲው በር ተነሥቼ በእግሬ ሄድኩበት። 14 ደቂቃ። መብራት የሌለበት አንድ መታጠፊያ ነበር፤ እዚያው ላይ ግን ሁለት ሴቶች በከሰል በቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። አንዷ «እታለሜ፣ ልጥበስልሽ?» አለችኝ። ሁልጊዜ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ጠየቅኋት። «እስከ አራት» አለች። መንገዱን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ደላላው የስድስት ወር ቅድሚያ ነው ብሎኝ ነበር። የቤት ኪራይ አዋጁን፣ ቁጥር 1320/2016ን፣ አንብቤው ስለነበር ቅድሚያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ እንደሌለበት፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት ለባለቤቷ ለመናገር አፌን ስከፍት፣ እማማ ቀደሙኝ። «ስድስት ወር ማን አለሽ ልጄ? እኔ አላልኩም።» ደላላው መሬት መሬቱን አየ። ሁለት ወር ከፈልኩ፣ ተጻጻፍን፣ እማማም በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

የፈራሁት ጥያቄ ገና ነበር። «ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢ?» ብዙ ግቢ በሩን የሚዘጋው በጊዜ ነው፤ ላጤ ሴት ስታመሽ ደግሞ የሚባለው ይታወቃል። «ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ አንዳንዴ ሦስት ተኩል፤ ሥራዬ ነው እማማ» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ቁልፍ አወጡ።

«ይኸው ያዥው። ውሻው እስኪለምድሽ ግን ከሩቅ ድምፅሽን አሰሚ።»

ዘጠኝ ቀን ፈጀበት። አሁን ከበቆሎዎቹ ሴቶች ጋ ይጠብቀኛል።